አራስ፣ ንፋስ፣ ፈርነስ

አበሻ ንፋስ ይፈራል። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ተሳፋሪ፣ ውጭው ሐሩር ቢሆንም፣ ከኋላ «ዝጋው በእናትህ» መባሉ አይቀርም። እኔ ሁልጊዜም ከዝጉ ባዮቹ ወገን ነኝ። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ገብስና ባቄላ እንጂ ጤፍ የማይደፍረው ብርድ ውስጥ። እናቴ እንደምትለው በር ስር የሚገባ ንፋስ ከበረዶ ይከፋል፤ በረዶ ይታያል፣ ንፋስ ግን ሳታውቂው ወገብሽ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። አራስ ከሆንሽማ ጭራሽ አይወራም። የአራስ ገላ ክፍት ነው፤ አንዴ የገባበት ንፋስ እስከ እርጅና አይለቃትም።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ልታርሰኝ ኮሎራዶ ድረስ የመጣችው።

የምንኖረው ዴንቨርን ተጎራብታ ባለችው አውሮራ ነው። ቤታችን በ1980ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የተሠራ፣ ቤዝመንት ያለው ተራ ቤት ነው። ባለቤቴ የጋዝ ሒሳብ ሲበዛበት መስኮቶቹን አስቀይሮ፣ በሮቹን ዙሪያቸውን ላስቲክ አልብሶ፣ ያገኘውን ስንጥቅ ሁሉ በሲሊኮን ደፍኖ ነበር። እኔም በዚህ ሥራው እኮራበት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ካገባኋቸው ባሕርያቱ አንዱ ይኸው ንፋስ ጠልነቱ ነው።

ቤዝመንቱ ጥግ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ቤቱን የሚያሞቀው ፈርነስና የሙቅ ውሃው ቦይለር ጎን ለጎን የቆሙት እዚያ ነው፤ ሁለቱም በጋዝ ይነዳሉ። ከግድግዳው ሁለት ወፋፍራም የቆርቆሮ ቱቦዎች ይወጣሉ። አንዱ ከጣሪያው ስር አፉን ከፍቶ ይቀራል፤ ሌላው ታጥፎ ወደ ታች ይወርድና ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል። ከምንም ዕቃ ጋር አልተያያዙም። የውጭ ጫፋቸው ላይ ወፍና አይጥ እንዳይገባ ሽቦ ተወጥሮበታል። ቤቱን ስንገዛ አይቻቸው፣ ሠሪዎቹ ሥራ ሳይጨርሱ የሄዱ መስሎኝ ነበር።

እማዬ የምትተኛው ከዚያች ክፍል አጠገብ ነበር። ውጭው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ በወረደበት አንድ ሌሊት የሚያፏጭ ንፋስ ሰማች፤ ተነሥታ ተከታትላ ደረሰችበት። የላይኛውን አፍ በፌስታል በጠቀለለችው ፎጣ፣ የታችኛውን ደግሞ ራሷ ይዛልን በመጣችው የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጥርቅም አድርጋ ወተፈችው። ጠዋት ገንፎዬን ይዛ ስትመጣ፣

«ያንን የሚያፏጭ ቀዳዳ ደፍኜላችኋለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነው ቤት ሠርቶ ቀዳዳ የሚተው?» አለችኝ።

ተባረኪ አልኳት። ከልቤ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የአራስ ቤት ወጉን ያዘ። ጠያቂ ይመጣል፣ ወጥ ይሠራል፣ የምድጃው ጭስ መሳቢያ ሲያጓራ ይውላል። የሕፃን ልብስ ስለማያልቅ ድራየሩ አያርፍም፤ ሙቅ ውሃ አይዘጋም። እናቴ ራሴን ያመኛል ማለት ጀመረች። አውሮፕላኑ ነው አልን፤ የእንቅልፍ ሰዓቱ መዛባት ነው አልን። እሷ ግን ምች ነው ብላ ቆርጣለች፤ ዳማከሴ የሌለበት አገር ላይ እንደጣልናት ታማርራለች። ጠዋት ጠዋት የሚብሰው ራስ ምታቷ ፎቅ ወጥታ እኔ ዘንድ ስትውል ለቀቅ እንደሚያደርጋት ማንም ልብ አላለም።

በቤታችን ኮሪደር ሁለት የሚጮኹ ዕቃዎች ነበሩ። አንደኛው የጭስ አላርም ነው፤ ቡና በተቆላ ቁጥር ስለሚያብድ ባለቤቴ ባትሪውን አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ከትቶታል። (ይህን የማያደርግ የአበሻ ቤት ካለ ንገሩኝ።) ሁለተኛው ወደ ቤዝመንት በሚወስደው ደረጃ ራስ ላይ ሶኬት ላይ የተሰካው የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ነው። እሱን ያስገባነው እኛ አይደለንም፤ ቤቱን ስንገዛ ተሰክቶ ነበር። ምክንያቱን በኋላ ነው ያወቅሁት። በኅዳር 2008 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አስፐን ውስጥ ለእረፍት አንድ ቤት ያረፉ ባልና ሚስት ከነሁለት ልጆቻቸው በተኙበት ሞቱ፤ የግቢውን በረዶ የሚያቀልጠው ቦይለር የጭስ ማውጫ ቱቦ ተላቅቆ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ የኮሎራዶ ምክር ቤት ሕግ አወጣ፦ ከሐምሌ 2009 ጀምሮ የሚሸጥ ወይም የሚከራይ፣ ነዳጅ የሚያነድ ዕቃ ያለው ቤት ሁሉ ከመኝታ ክፍሎቹ በር በ15 ጫማ ርቀት ውስጥ ይህ አላርም ይኑረው።

የጮኸው ከሰዓት በኋላ ነው። አራት ጊዜ ቲት ብሎ ያርፋል፣ እንደገና አራት ጊዜ። እናቴ «ያ የቡና ጠላት ጀመረው» ብላ ፎጣ ይዛ ከስሩ ማራገብ ያዘች። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ቡና እንዳልተቆላ ትዝ አለው። አጎንብሶ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ። ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልለን ወጥተን መኪና ውስጥ ገባን፤ 911 ደወልን። እናቴ አራስ ወደ በረዶ መውጣቷን ያየ እግዚአብሔር እንዲፈርድ እየለመነች ተከተለችን።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መለኪያ ይዘው ገቡ። ቤዝመንቱ ውስጥ ከሚሊዮን እጅ 85 እጅ ካርቦን ሞኖክሳይድ አገኙ፤ እኛ የምንተኛበት ፎቅ ላይ ያለው ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። ጣታችን ላይ መለኪያ እየሰኩ አንድ በአንድ አዩን። ሕፃኗ ደህና ናት። እናቴ ግን ሆስፒታል ተወስዳ ጭንብል አጥልቀው ኦክስጅን ሰጧት፤ ማታ ራስ ምታቷ ለቋት ተመለሰች።

ያ አላርም ስለሚጮህበት ልክ ያወቅሁት ነገር እስካሁን ያሳስበኛል። በአሜሪካ ደረጃ መሠረት 70 ላይ ሲደርስ ወዲያው አይጮህም፤ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ይታገሣል። 150 ላይ ከ10 እስከ 50 ደቂቃ፣ 400 ላይ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቃል። የተሠራው ጤነኛ ጎልማሳን ከሞት ለማዳን እንጂ ሕፃንን፣ ነፍሰ ጡርን ወይም አረጋዊን ከራስ ምታት ለመጠበቅ አይደለም። ጋዙ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፤ ሄሞግሎቢን ደግሞ ከኦክስጅን ይልቅ እሱን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ትንሹም ሲቆይ ይጠራቀማል። እናቴ ምች ያለችው ነገር ስሙ ይህ ነበር።

የጋዝ ኩባንያው ሠራተኛ ቫልቩን ዘግቶ ቀይ ወረቀት አንጠልጥሎ ሄደ፤ ተጠግኖ እስኪመረመር ማቀጣጠል ክልክል ነው። በማግስቱ ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቀውን ቴክኒሻን አመጣ፤ ሐረር ተወልዶ እዚህ ጸጉሩ የሸበተ፣ ብዙ የማይናገር ሰው። ክፍሏ ውስጥ ገብቶ ማሽኖቹን ገና ሳይነካ ዓይኑ ቱቦዎቹ ላይ አረፈ። ብርድ ልብሱን አየ፤ እናቴን አየ፤ ምንም አላለም። ማሽኖቹን ፈታቶ ካየ በኋላ ብቻ ወደ እሷ ዞሮ፣

«እማማ፣ ሰንደል ይኖርዎታል?» አላት።

ያለ ሰንደልና እጣን ባሕር የምትሻገር ሴት አይደለችም። ደስ ብሏት አመጣች።

ቦይለሩ አናቱ ላይ ባርኔጣ የሚመስል ቆርቆሮ አለው፤ ከሱ በላይ የጭስ ማውጫው ይጀምራል። ሰውየው ፎጣውንና ብርድ ልብሱን እንደተወተፉ ትቶ፣ ድራየሩን፣ የወጥ ቤቱን ጭስ መሳቢያና የመታጠቢያ ቤቱን ማራገቢያ አስከፈተን። በርና መስኮት ዘጋ። ቦይለሩን አቀጣጠለና መለኪያውን በእጁ እንደያዘ አምስት ደቂቃ ያህል ጠበቀ። ከዚያ የሰንደሉን ጫፍ ወደ ባርኔጣው ከንፈር አስጠጋ። ጭሱ ወደ ላይ መሄድ ሲገባው ተገፍትሮ ፊቱ ላይ ተበተነ። ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጎ አወጣው፤ ፎጣውንም። ጭሱ ተንገዳገደ፣ ቀና አለ፣ ከዚያ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ባርኔጣው ስር ገባ። እናቴ «ወይ ጉድ» አለች። እኔ ምንም አላልኩም።

ከዚያ በኋላ የነገረን ነገር ሒሳብ ነው፤ ግን እንደዚህ ዓይነት ሒሳብ ትምህርት ቤት አስተምረውን አያውቁም። አንድ ኪዩቢክ ጫማ ጋዝ ሲነድ 1,000 ቢቲዩ ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ለመንደድ ወደ 10 ኪዩቢክ ጫማ አየር ይፈልጋል። ፈርነሳችን በሰዓት 80,000፣ ቦይለሩ 40,000 ቢቲዩ ናቸው። አንድ ላይ ሲነዱ በሰዓት 1,200 ኪዩቢክ ጫማ አየር ይበላሉ ማለት ነው፤ ጭሱን አቅጥኖ ወደ ላይ የሚሸኘው አየር ሳይቆጠር። ክፍሏ ወርዷ 9፣ ርዝመቷ 10፣ ከፍታዋ 8 ጫማ ነው፤ የያዘችው አየር 720 ኪዩቢክ ጫማ። በሯ ተዘግቶ ሌላ አየር ካልገባላት አርባ ደቂቃ አትሞላም። የጋዝ ሕጉ ክፍሉ ለየ1,000 ቢቲዩ 50 ኪዩቢክ ጫማ ይኑረው ይላል፤ ለኛ 6,000። ካልሆነ አየር ከውጭ ይምጣ፦ አንድ ቀዳዳ ከጣሪያው በ12 ኢንች ውስጥ፣ አንድ ቀዳዳ ከወለሉ በ12 ኢንች ውስጥ፤ በአግድም በተዘረጋ ቱቦ ከመጣ እያንዳንዱ ለየ2,000 ቢቲዩ አንድ ካሬ ኢንች። ለኛ 60 ካሬ ኢንች፣ ማለትም ወርዱ 9 ኢንች የሆነ ክብ ቱቦ። ባለቤቴ ሜትሩን አውጥቶ ለካ። ልክ 9 ነው። ሥራ ሳይጨርሱ የሄዱ ያልኳቸው ሰዎች ሥራቸውን እስከ ኢንች ድረስ ጨርሰው ነበር የሄዱት።

እሳት አየር ሲያጥረው ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ካርቦኑ ሙሉ ኦክስጅን ካገኘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፤ ካጠረው በግማሽ ነዶ ሞኖክሳይድ ይሆናል። በዚያ ላይ ቤቱ ጥብቅ ከሆነና ድራየሩና መሳቢያው አየር ወደ ውጭ ሲያስወጡ፣ ቤቱ የጎደለውን ካገኘበት ይስባል። ሌላው ሁሉ ከተደፈነ የቀረው ክፍት ቀዳዳ የጭስ ማውጫው ራሱ ነው። ውጭ መውጣት የነበረበት ጭስ ቁልቁል ይመለሳል፤ እሳቱ የራሱን ጭስ መልሶ ይስባል፣ ኦክስጅኑ እያነሰ መርዙ እየበዛ ይሄዳል። የእናቴ ብርድ ልብስ፣ የባለቤቴ ሲሊኮንና የእኔ የማያልቅ የሕፃን ልብስ ተባብረው የሠሩት ይህንን ነው።

ባለቤቴ ግን በቀላሉ እጅ አይሰጥም። የክፍሏን በር በፍርግርግ ቀይረን ከቤዝመንቱ አየር እንድትወስድ ብናደርግና የውጭዎቹን ብንዘጋስ አለ። ሰውየው፣ የላላ ቤት ቢሆን ይቻል ነበር አለው፤ ያም ቢሆን ለየ1,000 ቢቲዩ አንድ ካሬ ኢንች የሆነ ቀዳዳ ከላይም ከታችም ይፈልጋል፤ የእንጨት ፍርግርግ ደግሞ ካሳየው ስፋት ሩቡን ያህል ብቻ ነው የሚያሳልፈው። «አንተ ግን ቤቱን ጠርሙስ አድርገኸዋል» አለው። እኔን ደግሞ ፈርነሱ ስር ያስቀመጥኩትን በረኪና አንስቶ አቀበለኝ፤ ትነቱ በእሳቱ ውስጥ ሲያልፍ አሲድ ሆኖ የሙቀት ማስተላለፊያውን ብረት ይበላል። ጭስ አላርሙንም ባትሪውን እስክንመልስ ቆሞ ጠበቀ።

እናቴ ከዚህ ሁሉ ያስገረማት የከፍታው ነገር ነው። ዴንቨር አንድ ማይል ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ በቆየው ደንብ ከባሕር ወለል በላይ ለየ1,000 ጫማ ከፍታ የጋዙ መጠን 4 በመቶ ይቀነሳል፤ አለዚያ ጋዙ ከአየሩ ይበልጣል። «ደብረ ብርሃን መጥተህ እሳት ብታነድ ምን ልትል ነው?» አለችው። ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ስለ ደብረ ብርሃን ሳስብ የገባኝ ነገር አለ። ያደግሁበት ቤት የጭቃ ነው፤ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። ማታ በሩን ጥርቅም አድርገን፣ ሥሩን በጨርቅ ወትፈን፣ ከሰሉን መሐል አድርገን እንቀመጥ ነበር። ከብርድ የዳንነው በር በመዝጋታችን መስሎን ኖረናል። ከከሰሉ ያዳነን ግን መዝጋት ያቃተን ያ የቆርቆሮ ስር ክፍተት ነበር፤ አባቴ በየክረምቱ አንድ ቀን አስደፍነዋለሁ እያለ የሚዝትበት። ያ ቤት የኛን ንፋስ ጠልነት ይችለው ነበር። አውሮራ ያለው ቤት ግን አይችለውም፤ «ዝጋ» ስትለው እውነትም ይዘጋል። ቪየና ያለችው የአክስቴ ልጅ እንደነገረችኝ እዚያ ደግሞ የሚያስፈራው በጋው ነው፤ ሙቀት ሲበረታ ሰው ተንቀሳቃሽ አየር ማቀዝቀዣ ገዝቶ ቱቦውን በመስኮት ያወጣል፣ ማሽኑ የቤቱን አየር ሲያስወጣ የመታጠቢያ ቤቱ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ጭስ ወደ ውስጥ ይመለሳል።

ፈርነሱን በጸደይ ቀየርነው። አዲሱ እሳቱ የታሸገ ነው፤ በአንድ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ አየሩን ከውጭ ይስባል፣ በሌላው ጭሱን ያስወጣል፣ የቤቱን አየር አይነካም። ባለቤቴ ወዲያው እነዚያን ቱቦዎች መድፈን ፈለገ። አይሆንም፤ ቦይለሩ አሁንም አሮጌው ነው። እንዲያውም አዲስ ችግር መጣ። የጭስ ማውጫው የተሠራው ለሁለት ማሽን ነው፤ አሁን ትንሹ ብቻውን ሲቀር ጭሱ በሰፊው ውስጥ ቶሎ ይቀዘቅዝና መውጣት ይሰንፋል። ስለዚህ ውስጡ ጠበብ ያለ የብረት ቱቦ ማስገባት ነበረብን፤ ዋጋውን ስሰማ ለቦይለሩም የታሸገውን መግዛት ይሻል እንደነበር አሰብኩ።

አሁን ኑዛዜዬ። እናቴ የሰንደሉን ጭስ አይታለች፤ ግን የመለኪያውን ቁጥርና የብርድ ልብሱን ነገር ያገናኘላት ሰው አልነበረም። ማታ «ምን ሆኖ ነው አሉ?» ብላ ስትጠይቀኝ «ማሽኑ አርጅቷል እማዬ» አልኳት። ልጇን ልታርስ ባሕር ተሻግራ የመጣችን ሴት፣ ልትገድለን ነበር የሚል ነገር እንዴት ይነገራታል? ቴክኒሻኑም ዝም ያለው ስለዚሁ ይመስለኛል። ልጅቷ ሰማንያዋ ደርሶ ክርስትና ተነሥታ፣ እናቴ የአሜሪካን ማሽን እየሰደበች ተመለሰች። እኔም ጨዋ ልጅ ነኝ ብዬ አረፍኩ።

በቀጣዩ ክረምት አዲስ አበባ እህቴ ቤት ሰነበተች። ኮንዶሚኒየም ነው፤ መስኮቱ ጥብቅ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮንክሪት። በስልክ ስናወራ መብራት ስለጠፋ ከሰል አቀጣጥለው እንዳስገቡ ነገረችኝ። «እንዳትሰጊ፣ ፍም እስኪሆን በረንዳ ላይ አቆይተነዋል፤ ጭስ የለውም። በሩን ዘግተን ሞቅ ብሎን ልንተኛ ነው» አለችኝ። ጭስ ሲጠፋ አደጋውም የጠፋ ይመስላቸዋል፤ የቀላው ፍም ግን ያንኑ የማይታይ ጋዝ እያወጣ ነው። የቆርቆሮ ስር ክፍተት የለም። የሚጮህ ዕቃም የለም።

ያን ጊዜ ነገርኳት። ስለ ብርድ ልብሱ፣ ስለ ፎጣው፣ ስለ ራስ ምታቷ፣ ምች እንዳልነበረ፤ ማሽኑ አርጅቷል ያልኩት እሷን ላለማሳዘን እንደሆነ። መስኮት ትንሽ ከፈት ቢያደርጉ ይበቃ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አይበቃም፣ ከሰል ከተኛ ሰው ጋር አንድ ክፍል አያድርም፣ አሁኑኑ አውጡት አልኳት። ጥቂት አሰበችና፣

«ታዲያ ያኔ አትነግሪኝም ነበር? ይሄን ሁሉ ጊዜ ሰው ሳስተምር የከረምኩት ንፋስ ዝጉ እያልኩ ነው» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ብርድ ልብሱንስ ጣልሽው?»

«አጥቤዋለሁ» አልኳት።

ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ ወደ እህቴ ዞረች። ምድጃውን ወደ በረንዳ መልሺ ትላታለች፤ እህቴ አመዱ ታች ያለው ጎረቤት ልብስ ላይ ይበናል ትላለች፤ እናቴ «ይብነን» ትላለች።